ጅማ ላይ ብቻዬን የት ልደር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 68 ነው። በደብረ ብርሃን ለ34 ዓመት አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ ሴት ነኝ። የልጅ ልጄ በሰኔ ወር መጨረሻ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ልጆቼ ሥራ ስለማይለቃቸው የሚደርሱት በምርቃቱ ዋዜማ ነው፤ እኔ ግን ልጅቷን በመሰናዶው ለማገዝ ሦስት ቀን ቀድሜ መሄድ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከከተማ ወጥተን ስናድር አልጋ የሚይዘውም፣ ዋጋ የሚነጋገረውም እርሱ ነበር፤ የእኔ ሥራ ቦርሳዬን ይዞ መከተል ብቻ ነበር። አሁን ጉልበቴን ያመኛል፤ ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ ሌሊትም ሁለት ሦስት ጊዜ እነሳለሁ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ጅማ ይኖራል፤ ነገር ግን ቤቱ ጠባብ፣ ልጆቹም ብዙ ስለሆኑ እዚያ ባድር እነሱንም ራሴንም አስጨንቃለሁ፤ ሆቴል ባድር ደግሞ ይቀየሙኛል ብዬ እፈራለሁ። ጎረቤቴ "ሴት ብቻዋን ሆቴል ገብታ ስታድር ምን ይባላል?" ብትለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ መባሌ አሳቀኝም አናደደኝም። ምን ዓይነት ሆቴል ልምረጥ? ባለኮከብ ይሻለኛል? ከመናኸሪያው አጠገብ ልረፍ ወይስ ከዩኒቨርሲቲው?

ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት እዚሁ ጅማ ውስጥ በሁለት ሆቴሎች፣ መጀመሪያ በመኝታ ክፍሎች ተቆጣጣሪነት፣ ኋላም በእንግዳ ተቀባይነት ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁና የምነግርዎ ነገር በአብዛኛው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሜ ያየሁት ነው። በእነዚያ ዓመታት የተረዳሁት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ሆቴሎች መኖራቸውን ነው። ከአዳራሹ በላይ ባለው ክፍል ያደረ እንግዳ "ሁለተኛ እግሬን አላነሣም" ብሎ ሲወጣ፣ በዚያው ሌሊት በጓሮ በኩል ያደረው "እንደ ቤቴ ተኛሁ" ብሎ መርቆን ይሄድ ነበር። ስለዚህ የሆቴል ስም አልጠቁምዎትም፤ ሥራ አስኪያጅ ይለወጣል፣ አምና ይሠራ የነበረው ጀነሬተርም ዘንድሮ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ኮከቡም ቢሆን ስለ ሕንፃው፣ ስለ ምግብ ቤቱና ስለ አገልግሎቱ ዓይነት ይነግርዎታል እንጂ ከአልጋዎ ሥር የሠርግ አዳራሽ መኖር አለመኖሩን አይነግርዎትም። እርስዎ የሚመርጡት ክፍል ነው፤ ክፍል ደግሞ በስልክ በሚቀርብ ጥያቄ በሚገባ ይመረጣል።

መጀመሪያ ግን ስለ ሰፈሩ ላንሣ። መናኸሪያው አጠገብ ማረፍ የሚጠቅመው ከአውቶቡስ በወረዱባት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሌሊቶች በሙሉ የረዳቶች ጥሪና የሞተር ጩኸት ናቸው፤ ጩኸቱም ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል። በየትኛውም ከተማ መናኸሪያ ዙሪያ ከሚገኙት ርካሽ አልጋ ቤቶች አንዳንዶቹ ለአዳር ሳይሆን ለሰዓት የሚከራዩ መሆናቸውንም እርስዎ ያውቁታል፤ ጎረቤትዎ የፈሩት እንዲህ ያለውን ከሆነ በዚህ በኩል ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ማረፍ ለግዢ ይመቻል፤ ሆኖም ሐሙስ ትልቁ ገበያ ስለሚውል መንገዱ በሰውና በባጃጅ ይጨናነቃል። ፈረንጅ አራዳ፣ ከጣልያን ዘመን የቀሩ ቤቶችና ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ሰፈር፣ ለእግርም ለጆሮም የተሻለ ነው። ዩኒቨርሲቲውን በተመለከተ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በአንድ ቦታ አለመሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ዋናው ግቢ፣ የግብርናና የእንስሳት ሕክምናው ግቢ፣ በቂቶ ፉርዲሳ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ግቢ ሁሉም የተለያየ አቅጣጫ አላቸው። ልጅቷን የምትኖርበት ግቢ የትኛው እንደሆነና ምርቃቱ በየትኛው እንደሚካሄድ ይጠይቋት፤ ሁለቱ ከተለያዩ የምትኖርበትን ያስቀድሙ፤ በየቀኑ የሚመላለሱት ወደ እርሷ ነው፤ ወደ ምርቃቱ የሚሄዱት ግን አንድ ቀን፣ ያውም ከልጆችዎ ጋር ነው።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ፤ እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። በምርቃት ሰሞን ከተማው ሲጨናነቅ፣ ብቻቸውን ለሚመጡ አረጋውያን እናቶች አራተኛ ፎቅ እንሰጥ ነበር። ክፋት ኖሮብን አልነበረም፤ ነጋዴውና ባለሥልጣኑ ሲቆጡ እናቶች ግን መርቀውን ይወጡ ስለነበር ነው። አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ እንግዳ መቀበያው ላይ ሲቀመጡ አይቼ "እማማ፣ ለምን ወጥተው አያርፉም?" ብላቸው፣ "ልጄ፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው መውጣት የምችለው፤ እርሱን ለማታ አስቀምጬዋለሁ" አሉኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ለዕድሜ የሚሰጥ አክብሮትና ለዕድሜ የሚሰጥ ክፍል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አልረሳሁም። "እናቴ፣ እማማ" ብሎ ተነሥቶ የተቀበለዎት ልጅ ቁልፉን ሲያቀብልዎ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀበሉት።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ ሦስትና አራት ፎቅ ኖሯቸው ሊፍት የሌላቸው ሆቴሎች ዛሬም አሉ። ስለዚህ ሲደውሉ "ሊፍት አላችሁ?" ብለው አይቁሙ፤ "መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ በጀነሬተር ይሠራል?" ብለው ይጨምሩ። ጀነሬተሩ ለመብራትና ለምግብ ቤቱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሊፍት እንደሌለ ይቁጠሩት፤ በክረምት፣ ዝናቡ በሚበረታበት በዚያ ሰሞን፣ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። እኔ የምመክርዎ አንደኛ ፎቅን፣ ማለትም አንድ ደረጃ ብቻ የሚወጣበትን ነው። ምድር ቤቱ ለጉልበት የተሻለ ቢሆንም መስኮቱ ብዙ ጊዜ ወደ መኪና ማቆሚያ ይከፈታል፤ መጋረጃውን ዘግተው መዋል ካልከፋዎትና መስኮቱ ብረት ካለው ግን እርሱም ይሆናል።

ከደረጃው ይልቅ የሚያሳስበኝ መታጠቢያ ክፍሉ ነው። በእኔ ጊዜ የደረሱት መውደቆች በሙሉ ማለት ይቻላል ሌሊት፣ ከአልጋ ወደ መፀዳጃ ሲኬድ ወይም ከሻወር ሲወጣ የደረሱ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በብዙ ሆቴሎች ሻወሩ ያለ መከለያ በክፍሉ ጥግ ስለሚተከል ውኃው ወለሉን ሁሉ ያርሳል፤ ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ውኃው ወደ መኝታው እንዳያልፍ ተብሎ የተሠራ የጣት ቁመት ያለው ከፍታ አለ፤ በጨለማ የሚነሣ እግር እርሱን ይመታዋል። ስለዚህ ክፍሉን ሲያዩ ሦስት ነገር ያድርጉ፤ ከአልጋው ተነሥተው እስከ መፀዳጃው በእግርዎ ይሂዱ፣ ማብሪያው ከአልጋው ሆነው እንደሚደርሱበት ይሞክሩ፣ ወለሉንም በጫማዎ ጫፍ ገፋ ያድርጉት። ሆቴሉ የሚያቀርበውን ስስ ነጠላ ጫማ እርጥብ ወለል ላይ አያድርጉት፤ ሶሉ ሻካራ የሆነ የላስቲክ ጫማ ከቤትዎ ይያዙ። ለሻወር የፕላስቲክ ወንበር ይጠይቁ፤ ከምግብ ቤቱ ጓሮ አይጠፋም፣ ማንም አይከለክልዎትም። መፀዳጃው ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ክፍሉ የፈለገውን ያህል ቢያምር ይለፉት። የራስጌ መብራት በሌለበት ትንሽ የእጅ ባትሪ ትራስዎ አጠገብ አድርገው ይተኙ፤ የስልኩ መብራት ይበቃኛል አይበሉ፣ ስልክ ሌሊት ቻርጀር ላይ ከአልጋ ርቆ ነው የሚያድረው።

በነገራችን ላይ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ በጅማ በርጩማ ያጌጡ ቤቶች ይገጥሙዎታል። የእንጨት ጠራቢዎቻችን ሥራ ያኮራል፤ ለሚያመው ጉልበት ግን ከእርሱ መነሣት ፈተና ስለሆነ መደገፊያ ያለው ወንበር እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ።

ጩኸትን በሚመለከት "ሆቴላችሁ ጸጥተኛ ነው?" የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም "አዎ" ይላል። ይልቁንስ "ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ተይዟል? ዲጄ አለ? ክፍሌ በየት በኩል ነው?" ብለው ይጠይቁ። ከዋናው መንገድ በኩል የሚሰጥዎት ክፍል በረንዳ ሊኖረው ይችላል፤ በጓሮ በኩል ያለው ግን ያስተኛዎታል። ጅማ ውስጥ መጠጥ የማይሸጡ ሆቴሎች ይገኛሉ፤ ሃይማኖትዎ ምንም ይሁን ምን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ኮሪደራቸው ጭር ስለሚል ብቻዋን ለምታድር ሴት ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው እነርሱን ነው። መስጊድ አጠገብ ካረፉ ጎሕ ሲቀድ አዛን፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካረፉ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እንደሚሰማዎት ግን አስቀድመው ይወቁት፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት ነቅተው የሚጸልዩ ከሆነ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል።

ምግቡን አይናቁት። የሚመጡበት ጊዜ የሐዋርያት ጾም ነው፤ እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ይዘልቃል። ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ጋር የሚታሰብ ከሆነና እርሱም እንቁላል ብቻ ከሆነ፣ ለማይበሉት ምግብ ከፈሉ ማለት ነው፤ የጾም ፍርፍር ወይም ሽሮ እንደሚሠሩ ይጠይቁ። ከጾም ውጪ ለሚመጡ አንባቢያን ደግሞ፣ ወጥ ቤቱ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም ሥጋ የሚያቀርብ ሲያዙ ሳይሆን አልጋ ሲይዙ መጠየቅ ይሻላል፤ ሁለቱንም በተለያየ ወጥ ቤት የሚያዘጋጁ አሉ፤ ጥያቄው እዚህ ከተማ ማንንም አያስቀይምም።

ኢንሱሊንዎን በእጅ ቦርሳዎ እንጂ ከሻንጣ ጋር አይስደዱት። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስካልበለጠ ድረስ ለ4 ሳምንት ያህል ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚቆዩ፣ የእርስዎም ከእነዚህ መሆኑን ፋርማሲ ጠይቀው ካረጋገጡ የጀመሩትን ብልቃጥ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃዎታል። ያልተከፈተው ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ለምግብ ቤቱ ሲሰጡ ስምዎን ጽፈው፣ ከበረዶ ቤቱ እንዲያርቁት አስጠንቅቀው ይስጡ፤ የበረደው ሳይሆን በረዶ የሆነው ኢንሱሊን አይሠራም። ደብረ ብርሃን ላይ የማያስቡት ሌላ ነገር ደግሞ ትንኝ ነው። የእርስዎ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ጅማ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ ወባ በአገራችን በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኑ፣ አልጋው አጎበር እንዳለው፣ አጎበሩም ቀዳዳ እንደሌለው ይመልከቱ። ጋቢ ከያዙ አንድ ይበቃዎታል።

ቀንና ገንዘብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ሐምሌ 5" ብለው በስልክ የያዙት አልጋ በኮምፒውተር "ጁላይ 5" ተብሎ ቢመዘገብ፣ ልዩነቱ ሰባት ቀን ነው፤ ሐምሌ 5 ጁላይ 12 ላይ ይውላል። ስለዚህ የዕለቱን ስም ጨምረው፣ "ረቡዕ ማታ ገብቼ እሑድ ጠዋት እወጣለሁ፤ አራት አዳር" ይበሉ። ክፍል የሚለቀቅበትንም "በቀን 6 ሰዓት፣ እኩለ ቀን" ብለው ያረጋግጡ፤ ልጆች የሚጠቀሙበት መተግበሪያ የፈረንጅ ሰዓት ያሳያል። በምርቃት ሰሞን ቀብድ መጠየቃቸው አያስገርምም፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲልኩ የሂሳቡ ስም የሆቴሉ እንጂ የእንግዳ ተቀባዩ የግል ስም አለመሆኑን አይተው ይላኩ፤ የተላከበትንም መልእክት አያጥፉ። የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶ ቫትንና የአገልግሎት ክፍያን ይጨምር እንደሆነ ካልጠየቁ፣ ሲወጡ ደረሰኙ ላይ ያገኙታል። የቀረውን ገንዘብ ክፍሉን በዓይንዎ ሳያዩ አይክፈሉ። ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጡ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣት ስላለበት ቀኑን ይወስዳል፤ በጠዋት ተነሥተው ሳይመሽ ይድረሱ፤ በጨለማ የታየ ክፍል የታየ አይባልም። አቅሙ ካለዎት አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አባ ጅፋር ማረፊያ ያደርስዎታል።

ሲመዘገቡ መታወቂያ ይጠየቃሉ፤ ይህ የሁሉም እንግዳ ግዴታ ነው። እንግዳ ተቀባዩ "ክፍል ቁጥር 112!" ብሎ ሰው በተሰበሰበበት ቢጮህ ግን፣ ሌላ ክፍል እንዲሰጥዎት ቢጠይቁ መብትዎ ነው፤ እኔ ብሆን እጠይቃለሁ። "ብቻዎን ነዎት?" ለሚልዎት ሰው ሁሉ እውነቱን የመናገር ዕዳ የለብዎትም፤ "ልጆቼ እየመጡ ነው" ማለት በእርስዎ ሁኔታ ውሸትም አይደለም። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዳለው ይሞክሩት። የሌሊት ዘበኛውን በስም ይወቁት፤ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ሌሊት የሚጠቅምዎት እርሱ ነው። የአምቡላንስ 907ን እና የፖሊስ 991ን በወረቀት ላይ ጽፈው ራስጌ ያስቀምጡ። ማታ ባጃጅ ከመንገድ አያስቁሙ፤ ሆቴሉ የሚያውቀውን ልጅ ይጥሩልዎት።

ስለ ዘመድዎ የምለው፣ ወሬውን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ነው። ቅያሜ የሚመጣው ሆቴል በማደርዎ ሳይሆን ከመጡ በኋላ በመስማታቸው ነው። ከመነሣትዎ በፊት ለሚስቲቱ ይደውሉላት፤ ለእርሱ ሳይሆን ለእርሷ፤ ምክንያቱም ፍራሽ የምታዘረጋውና ልጆቹን የምታሸጋሽገው እርሷ ናት። "ሌሊት እየተነሣሁ ስለማስቸግር አልጋ ይዣለሁ፤ ቡናው ግን ከአንቺ ነው" ይበሏት፤ በደረሱ በማግስቱም ስኳርና ቡና ይዘው ይሂዱ። ቡና ወደ ጅማ ይዞ መሄድ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ስኳሩ ይበቃል። ለጎረቤትዎ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም፤ የምርቃቱን ፎቶግራፍ ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በጅማ ባለ 16 አልጋ ፔንሲዮን አለኝ። ሊፍት ለማስገባት አቅሙ የለኝም። አረጋውያን እናቶች ግን በብዛት ይመጡብኛል፤ በትንሽ ወጪ ምን ላድርግ?

የፔንሲዮን ባለቤት፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያለዎትን ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ በምርቃትና በበዓል ሰሞን ቀድሞ ለደወለ ሁሉ አይስጡ፤ ሁለት ክፍል ለእነርሱ ያቆዩ። ብረት ሠሪ ጠርተው ከሻወሩና ከመፀዳጃው አጠገብ የእጅ መያዣ ያስበይዱ፤ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በረጅም ቡሎን ይታሰር፣ በቀጭን ሚስማር የተያዘ መያዣ ከሌለው ይብሳል። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ በሚታይ ቀለም ያስቀቡት። ፔርሙዝ ሙሉ ትኩስ ውኃ ማታ ማታ ያስቀምጡላቸው። ሌላው፣ አንዲት እናት ቁልፉን ስትቀበል ምንም ሳትል ከመረቀችዎት፣ ልጅዎን ልከው ሻንጣዋን ያስይዙና ደረጃውን እንዴት እንደወጣች ይጠይቁት።